በሰሜን ግርጌ የሰውነት ጨዋታና የስፖርት ማኅበራዊ ታሪክ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ዳባትን አልፎ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያም ጥቂት እንደ ተኬደ ምድሩ በድንገት ይቆረጥና በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። በአጭር ርቀት ውስጥ ከ3000 ሜትር ገደማ ወደ 1500 ሜትር የሚያወርድ እንዲህ ያለ አገር በዓለም ላይ ብዙ ስላልሆነ፥ የሰውን አካል የሚመረምሩ ሊቃውንት ዓይናቸውን ጥለውበት ቆይተዋል። ጂ. ኤ. ሃሪሰንና ጓደኞቻቸው የደባርቅን ደገኛና የአዲ አርቃይን ቆለኛ አወዳድረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ባሳተሙት ጥናት፥ የደባርቁ ሰው ደረቱ የሰፋ፥ ሳንባውም ብዙ አየር የሚይዝ መሆኑን አስረድተዋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሳንቃ በር ወዲያ ባለው በአምባራስ አካባቢ፥ በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውጤቱን ገለጹ። የተገኘው ነገር አስደናቂ ነበር። በአንዲስና በቲቤት ተራሮች የሚኖረው ሕዝብ የአየሩን መሳሳት ለመቋቋም ወይ ደሙ ይወፍራል፥ ወይም በደሙ ያለው ኦክስጅን ያንሳል፤ የሰሜን ሰዎች ግን ደማቸው ሳይወፍር በውስጡ ያለው ኦክስጅን በአማካይ ከመቶ 95.3 ሆኖ ተገኘ። ይኸውም በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙ አይርቅም።

የኢትዮጵያ ሯጮች በዓለም አደባባይ ማሸነፍ ከጀመሩ ወዲህ የውጭ አገር ጋዜጠኞች ሁሉ የሚሰጡት ምክንያት ይህ የደጋ አየር ነው። ተራራ ላይ ተወለደ፥ ስለዚህ ሮጠ ይላሉ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን የሯጮች አገር ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ደባርቅ በሆነ ነበር። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2850 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በአርሲ ያለችው በቆጂም 2800 ሜትር ገደማ ናት። በሁለቱም አገር ገብስና ስንዴ ይዘራል፥ በሁለቱም ልጅ ከብት ይጠብቃል፥ በሁለቱም ተማሪ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ነገር ግን ደራርቱ ቱሉ፥ ፋጡማ ሮባ፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡት ከበቆጂና ከዙሪያዋ ነው። በሰሜን ግርጌ እንዲህ ያለ ተከታታይ የሯጮች ትውልድ አልታየም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ከመቶ የሚበልጡ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ጠይቆ፥ የማራቶን ሯጮች በብዛት የሚወጡት ከአርሲና ከሸዋ መሆኑን አረጋግጧል። ደጋው ብዙ ሆኖ ሳለ ሯጭ የሚያፈራው ጥቂቱ ከሆነ፥ ምክንያቱን ከሳንባ ውጭ መፈለግ ግድ ይሆናል።

በሰሜንና በወገራ የሰውነት ጨዋታ አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። እንዲያውም ብዙ ነበረ። ዳሩ ግን ጨዋታው ጊዜው በቤተ ክርስቲያንና በእርሻ የተወሰነ፥ ተጫዋቹም በማዕርግና በጾታ የተለየ ነበር። ገብሱና ስንዴው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፥ ጾመ ነቢያትም በታኅሣሥ 29 ሲፈታ፥ የገና ጨዋታ ይጀመራል። አንዱ መንደር ከሌላው፥ ወይም የላይ ቤት ከታች ቤት ተከፍሎ፥ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራችውን ጥንግ እየመታ ወደ ወገኑ ግብ ለማድረስ ይጋፋል። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ የሜዳውም ዳር አይሰመርም፤ ዳኛ የሚባል የለም፤ ሽማግሌዎች ግን ዳር ቆመው ይመለከታሉ። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ ስድቡም በሌላ ቀን ቢሆን ደም የሚያፋስስ ነው። የዚያን ቀን ግን ጌታውም ቢሆን በአሽከሩ ዱላ ቢመታ፥ በአሽከሩም አፍ ቢሰደብ እንዳይቆጣ የአገር ልማድ ያስገድደዋል፤ ይህንም የሚናገረው ተረት እስከ ዛሬ በሕዝቡ አፍ ይገኛል። ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ለሚመረምር ሰው የጨዋታው ዋና ነገር ይህ ፈቃድ ነው። ማዕርግ ለጥቂት ሰዓት ይታጠፋል እንጂ አይጠፋም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጌታው ወደ በቅሎው፥ አሽከሩም ወደ እግሩ ይመለሳል።

ጉግስ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጥር 11 ቀን ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለሱ፥ ወይም በትልቅ ሠርግ ጊዜ፥ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተሰልፈው አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸውም በጋሻው ይመክታል። የወገራ አምባ ሜዳው ለዚህ የተመቸ ነው፤ የሰሜን ገደላ ገደል ግን ፈረስ አያስጋልብም። ነገር ግን ሜዳው ቢመችም ፈረስ የሌለው ሰው ከተመልካችነት አያልፍም። ፈረስ ለመቀለብ፥ ጋሻ ለማስጌጥ፥ ከፈረሱ ጋር የሚሮጥ ልጅ ለማሳደር ርስትና ጉልት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉግስ የጦርነት ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን የባላባትነት ምስክርም ነበር። የነገሥታቱና የመሳፍንቱ የፈረስ ስም እንኳ ከዚሁ ባሕል የወጣ ነው፤ አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ አጼ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸው ሰውየው በፈረሱ የሚታወቅበትን ዓለም ያሳያል። አጼ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ዘውድ የጫኑት በዚሁ በሰሜን፥ በደረስጌ ማርያም መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

እንግዲህ ፈረሰኛው እንዲህ ሲከበር ሯጩ ማን ነበር? በእግሩ የሚሮጠው አሽከሩ ነው። ጌታው በበቅሎ ሲሄድ ጠመንጃውን ተሸክሞ ከጎኑ የሚሮጠው፥ ደብዳቤ በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ይዞ ከደጋ ቆላ የሚወርደው መልእክተኛ፥ የጠፋ ከብት ፍለጋ ገደል የሚወጣው እረኛ፥ ሯጭ ማለት እነዚህ ናቸው። ጨዋ ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ኩታውን አጣፍቶ ይሄዳል። ሲሮጥ የታየ ጎልማሳ ወይ ቤቱ ተቃጥሏል፥ ወይ የሰው አሽከር ነው። ቤተ ክህነቱም በበኩሉ ከዚህ ብዙ አይለይም። የቆሎ ተማሪ ከጎንደር እስከ ጎጃም በእግሩ ይዞር የነበረው ትምህርት ፍለጋ እንጂ ለጉልበቱ አይደለም፤ መምህሩም ጨዋታ የሚያበዛውን ደቀ መዝሙር ዋልጌ ይለዋል። በእርግጥ በማሕሌት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ በመቋሚያ የሚያሸበሽብ ደብተራ ትዕግሥተኛ ሰውነት እንዳለው ማንም አይክደውም፤ ያንን ግን ሰውነት ማሠልጠን ብሎ የጠራው ሰው የለም።

ይህን ሁሉ መዘርዘር ያስፈለገው የዘመናዊ ስፖርት መግቢያ በባዶ ሜዳ ላይ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው። ሩጫ ወደ ኢትዮጵያ ገጠር የገባው እንደ አዲስ ነገር ሳይሆን፥ የዝቅተኛ ሰው ሥራ ተብሎ ከተናቀበት ቦታ ላይ ነው። ይህንም ንቀት የሰበረው ሠራዊቱ ሆነ። ከነጻነት በኋላ የስዊድን መኰንኖች ክቡር ዘበኛን ሲያሠለጥኑ ሩጫና የሰውነት ማጠንከሪያ የወታደር የዕለት ሥራ ሆኖ ገባ፤ ከነሱም ጋር ኦኒ ኒስካነን መጣ። ኢትዮጵያ በ1949 በሜልቦርን መጀመሪያ በኦሎምፒክ ተካፈለች። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በሮማ አደባባይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ፥ የባዶ እግር ሩጫ ከአሽከርነት ወደ ክብር ተሻገረ። በጥቅምት 1957 በቶኪዮ ደገመው። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ያሸነፈው ማሞ ወልዴም የዚያው የክቡር ዘበኛ ሰው ነበር። (ያ ክፍል ከሮማው ድል ሦስት ወር እንዳለፈ የታኅሣሥን ግርግር ማንሣቱ ሌላ ታሪክ ነው፤ ሆኖም ለገበሬ ልጅ ሠራዊቱ ምን ያህል አዲስ መንገድ እንደ ነበረ ሁለቱም ነገር ይመሰክራል።)

አበበም ማሞም የሸዋ ልጆች መሆናቸው በዕድል ብቻ የሆነ አይደለም። ለአዲስ አበባ የቀረበ የገበሬ ልጅ ወደ ክቡር ዘበኛ፥ ወደ ፖሊስና ወደ አየር ኃይል ለመግባት አጭር መንገድ ነበረው፤ በዚያም አሠልጣኝ፥ ጫማ፥ ደመወዝና ውድድር ያገኛል። ከሩቅ ሰሜን የመጣ ሰው ቢነሣ እንኳ በሠራዊቱ በኩል ነው፤ በ1972 በሞስኮ በ5000ና በ10000 ሜትር ያሸነፈው ምሩጽ ይፍጠር የአዲግራት ሰው ሲሆን የወጣው ከአየር ኃይል ነው። ከደባርቅ እስከ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከበቆጂ ግን 220 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የጣልያን ዘመን በሰሜን ግርጌ ለስፖርት የተወው ነገር ጥቂት ነው፤ ለመንገድ ግን ብዙ ነው። ከአስመራ ወደ ጎንደር የተጠረገው የሊማሊሞ መንገድ ደባርቅን የመኪና ማረፊያና የገበያ ከተማ አደረጋት። በወልቀፊት የመሸገው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ነው፤ ጎንደርም በኅዳር ነጻ ወጣች። እግር ኳስ በዚያ ዘመን በከተሞች ቢታይም፥ ሰውን በዘር የለየው አስተዳደር ገዥና ተገዥ ባንድ ሜዳ እኩል እንዲሰለፉ አይፈቅድም ነበር። የገና ሜዳ ለአንድ ቀን ይሰጥ የነበረውን እኩልነት እንኳ ይህ ሥርዓት ከልክሎ ነበር ማለት ነው።

ከ1933 በኋላ የተስፋፋው ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን ይዞ መጣ። መልኩ ግን በብዙ ስፍራ የሰልፍ ነበር። ሐምሌ 16ና ጥቅምት 23 በሚከበሩት የንጉሠ ነገሥቱ በዓላት ተማሪው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ በፉጨት እየተመራ እጁን ያነሣል፥ ያወርዳል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ይህ ሥነ ሥርዓትን ያስተምራል፤ የሰውነትን ችሎታ ለመለየትና ለማሳደግ ግን ብዙም አይረዳም። በጠቅላይ ግዛቶች ትምህርት ቤቶች ዘንድ ለውጥ የታየው፥ ከ1955 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን፥ ከ1957 ገደማ ጀምሮም የዩኒቨርስቲው ተማሪዎች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ገጠር ከተሞች በተሠማሩ ጊዜ ነው። መንግሥቱ ኳስና መረብ ቢያጥረውም ልጆቹ ከጨርቅ ኳስ ጠቅልለው ይጫወቱ ነበር። ኢትዮጵያ በጥር 1954 የአፍሪካን ዋንጫ ባገኘች ጊዜ በእግር ኳስ የተለከፈው ወጣት ብዛት በየገበያው ሜዳ ይታይ ነበር፤ ይህ ፍቅር ዛሬም አልቀዘቀዘም። የሚያሳዝነው ግን፥ በወላጁ ዓይን ጨዋታው ከትምህርቱ የሚለይ፥ እንዲያውም የሚጻረረው ሆኖ መቅረቱ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። የሰውነት ማጎልመሻ በአገር አቀፍ ፈተና አይጠየቅም፤ በፈተና የማይጠየቀውን ትምህርት ደግሞ ደሃ ወላጅ እንደ ትምህርት አይቆጥረውም። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በታችኞቹ ክፍሎች ሙዚቃን፥ ሥዕልንና የሰውነት ማጎልመሻን ባንድ አጠቃሎ ለክፍሉ መምህር በሰጠ ጊዜ፥ በተግባር ከሦስቱ አንዱም የራሱ ባለቤት አልቀረለትም።

በቆጂ ከደባርቅ የተለየችው በዚህ ነጥብ ነው። በበቆጂ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ፥ ትምህርቱን ለሰልፍ ወይም ለዕረፍት ጊዜ መሙያ ሳይተዉ፥ የሚሮጠውን ልጅ መርጠው በማለዳ ይዘው ወደ ሜዳና ወደ ጫካ ይወጡ ነበር። የሥራቸው ውጤት ከአንድ ሰው ትጋት አልፎ ሰንሰለት ሆነ። በ1984 ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት ስትሆን፥ በ1988 ፋጡማ ሮባ በአትላንታ የማራቶንን ወርቅ አገኘች፤ የደራርቱ ዘመድ ጥሩነሽ ዲባባም ተከተለች። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በልጅነቱ የምሩጽን የሞስኮ ድል በሬዲዮ ሰምቶ እንደ ተነሣሣ ተናግሯል። ልጅ የሚከተለው የሚያውቀውን ሰው ነው። የጎረቤቱ ልጅ ሮጣ ቤት ስትሠራ ያየ አባት ልጁን አይከለክልም፤ ይህ ምሳሌ በሌለበት አገር ግን አባትየው ከልጁ ጉልበት የሚጠብቀው ሞፈርና ቀንበር ነው። በ1960 በጭላሎ አውራጃ በስዊድን ርዳታ የተጀመረው የእርሻ ልማት ድርጅትም ለአርሲ መንገድና ገበያ ጨምሮለታል፤ የዚያን ዓይነት ሥራ ሰሜን አላየም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ጦርነት ነው። ስለ አትሌቲክስ የሚጽፉ ሰዎች አየርን ይለካሉ፥ ምግብን ይመዝናሉ፤ በየትኛው አገር ትምህርት ቤቱ ስንት ዓመት ሳይዘጋ ቆየ ብለው ግን አይጠይቁም። የአርሲ ሯጮች ትውልድ ባደገበት ዘመን፥ ከ1967 እስከ 1983፥ የጎንደር ሰሜናዊ ክፍል የጦር ሜዳ ነበር። በመጀመሪያ ኢዲዩ፥ ቀጥሎ ሌሎች የታጠቁ ድርጅቶች ከደርግ ጦር ጋር ተዋጉበት። በ1962 የታወጀውና በ1970 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንኳ ጠባቂዎቹ ተበትነው፥ ቤቶቹ ፈርሰው ለዓመታት ተዘግቶ ነበር፤ በ1989 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2009 ነው። የዓለም ሁሉ ትኩረት የነበረው ፓርክ ይህን ያህል ከተጎዳ፥ የገጠር ትምህርት ቤት ሜዳ እንዴት ይዞ ሊቆይ ይችላል? ተራራ የሚወጣ እግር ያለው ወጣት በዚያን ጊዜ የሚፈለገው ለመሮጥ ሳይሆን ለመሰለፍ ነበር፤ የማይፈልገውም ከመመልመል ለመሸሽ በዱር ያድራል። በነሐሴ 2013ም ጦርነቱ በአዲ አርቃይ በኩል አልፎ እስከ ዳባት ዙሪያ ደረሰ፤ በጭና መንደር የደረሰው እልቂት የሚታወቅ ነው። በሁለት ትውልድ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተቋረጠ ልማድ ሰንሰለት ሊሆን አይችልም።

ስለ ሴቶቹ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ በነሱ ላይ ይጠነክራልና። በገና ሜዳ ሴት ልጅ አትሰለፍም፤ በጉግስም ዕልል ከማለት በቀር ድርሻ የላትም። ጉልበቷ ግን ከወንዱ ያነሰ ሥራ አይጠየቅም፤ ውኃ ከምንጭ፥ እንጨት ከገደል አፋፍ ታመጣለች፥ ወፍጮ ትፈጫለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመት፥ ለወንድ 18 ዓመት ወሰነ፤ በገጠር ግን ከዚያም በታች ትዳር ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት ካደረገው ወዲህ፥ ትምህርት ቤትም ከተስፋፋ በኋላ፥ ነገሩ እየተለወጠ መጥቷል፤ ሆኖም ልማድ እንደ ሕግ ባንድ ቀን አይወጣም። ሯጭ የሚጠነክረው በአሥራ አራትና በሃያ ዓመት መካከል ነው። ለሰሜን ሴት ልጅ ያ ጊዜ ለረጅም ዘመን የሙሽርነትና የመጀመሪያ ልጅ ጊዜ ነበር። የበቆጂ ሴቶች የቀደሙት ልማዱ በአርሲ ስላልነበረ አይደለም፤ በዚያም ነበር። ነገር ግን የደራርቱ ወርቅ ለአባቶች ሌላ ስሌት ሰጣቸው።

ዛሬ በሰሜን ግርጌ ያለው ወጣት ጉልበቱን በሌላ መንገድ ይሸጣል። ፓርኩ ጎብኚ ሲያገኝ የበቅሎ ነጂ፥ ጠባቂና መንገድ መሪ ሆኖ ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር፥ ከሳንቃ በር እስከ ግጭና እስከ ጨነቅ ይመላለሳል፤ በቀን የሚሄደው መንገድ ለሠለጠነ ሯጭ እንኳ ቀላል አይደለም። ይህን የሚያደርገው ሰዓት የሚይዝለት ሰው ሳይኖር ነው። ከፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2008 ወደ ደባርቅ ተዛውሮ ሲሰፍር፥ በ3600 ሜትር ከፍታ ተወልደው ያደጉት ልጆች ከከተማው ልጆች ጋር ባንድ ክፍል ለመቀመጥ በቁ። ደባርቅም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የራሷ ዩኒቨርስቲ አላት። ሃሪሰንና ጓደኞቻቸው የለኳቸው ወጣቶች ዛሬ አያቶች ሆነዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻን በሳምንት ውስጥ በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ያስተምራል፤ ያንንም ቢሆን ፈተና ሲቃረብ የሒሳቡ መምህር ይወስደዋል። አምባራስ ላይ ከተመረመሩት 236 ሰዎች መካከል ሴቶችም ነበሩ፤ በደማቸው የተገኘው ኦክስጅን ከወንዶቹ የሚያንስ አልነበረም።